ነርሲንግ አቋርጬ ወደ ዋልታ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ኦስሎ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የኖርዌያዊቷን የዋልታ ተጓዥ የሊቭ አርነሰንን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ደቡብ ዋልታ ላይ ነው። ቤተሰቦቼ “አብደሻል ወይ?” ይሉኛል። ትምህርቱን ትቼ የዋልታ ተጓዥ ብሆን ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። ትምህርትሽን ግን አታቋርጪ።

ሊቭ መምህርት ነበረች። ደቡብ ዋልታን ማለም የጀመረችው በልጅነቷ ነው። የደረሰችው ግን በ41 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በፈረንጆች ገና ዋዜማ። ስንቋንና ድንኳኗን የጫነ ሸርተቴ እየጎተተች፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በ50 ቀን በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተጓዘች። መንገድ ላይ ምግብ ያቀበላት የለም። ብቻዋን እንዲህ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዚያ በፊት በ1992 ግሪንላንድን አቋርጣለች። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በይልኝ፤ ብዙ ወጣት ሊዘለው የሚፈልገው እሱን ነው።

የሌሎቹ የኖርዌይ ዋልታ ተጓዦችም እንጀራቸው ሌላ ነበር። ቦርገ ኡስላንድ በሰሜን ባሕር ጠላቂ ነበር፤ ኤርሊንግ ካገ የሕግ ባለሙያ። የዋልታ ጉዞ ደሞዝ የለውም፣ ወጪው ግን ከባድ ነው። ስፖንሰርም የሚመጣው ከዚህ በፊት የሠራሽውን አይቶ ነው።

ሊቭ ሙያዋንም ይዛው ነው የሄደችው። በ2001 አን ባንክሮፍት ከተባለች አሜሪካዊት የቀድሞ መምህርት ጋር አንታርክቲካን ሲያቋርጡ፣ ከብዙ አገር ተማሪዎች በኢንተርኔት ይከታተሏቸው ነበር። በ2007 ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሱ። የሊቭን የእግር ጣቶች ብርድ መታቸው፤ ተመለሱ። እኔ ከድሎቿ እኩል የማከብርላት ይህን መመለስ ነው። ብርድ የመታው ጣት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አንቺ በትምህርትሽ ታውቂዋለሽ።

ነርስነትሽ በር ይከፍታል። ኖርዌይ አንታርክቲካ ላይ ትሮል የሚባል ጣቢያ አላት። ከ2005 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ሰው ይኖርበታል፤ እዚያ ከሚከርሙት ጥቂት ሠራተኞች መካከል የሕክምና ባለሙያ አለ። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ትሮምሶ ያለው የኖርዌይ ዋልታ ኢንስቲትዩት ነው። የሥራ ማስታወቂያውን ከአሁኑ ተከታተዪ፤ ምን ዓይነት ልምድ እንደሚጠይቁ ታያለሽ። ስትመረቂ ድንገተኛ ክፍል ብትገቢ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው በረዶው ሲወርድ በስኪ መንሸራተት ተማሪ። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ማደር ልመጂ። ፊንሰ የሚባል ተራራማ ቦታ አለ፤ ከኦስሎ በባቡር ይደረሳል፤ የመኪና መንገድ የለውም። ለዋልታ የሚዘጋጁ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚለማመዱት እዚያ ነው። የመጀመሪያ ጉዞሽን ግን ልምድ ካለው ሰው ጋር እንጂ ብቻሽን እንዳትሞክሪው፤ አደራ።