ሌሊት ብቻውን የሚሞላው የሽንት ቤት ታንክ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሽንት ቤታችን ታንክ ማንም ሳይነካው ውሃ ይሞላል። ቀን ቀን ብዙም አይሰማም፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ግን እንቅልፍ ይነሳል። ሽሽሽ ይላል፣ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ያቆማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል። መሙያው ተበላሽቶ ነው ስለተባልኩ አዲስ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ለጥቂት ቀናት ዝም አለ፤ ከዚያ ተመለሰበት። የገዛሁት ዕቃ የማይረባ ይሆን? ሌላ ልግዛ ወይስ ሙሉውን ላስቀይር?»

መልስ፦ ሌላም አይግዙ፣ ሙሉውንም አያስቀይሩ። አዲሱ መሙያዎ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አሮጌውም ጤነኛ የነበረ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከራስዎ ቃል ተነስቼ ነው። «ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ያቆማል» ብለዋል። ያቆማል ካሉ መሙያው ሥራውን እየሠራ ነው። ውሃው ጎደለ፣ ከፈተ። ሞላ፣ ዘጋ። ከእሱ የሚጠበቀው ይኸው ነው። መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር ነው፦ ማንም ሳይነካው ውሃውን ምን አጎደለው?

ድምፁ የሚመጣው ከመሙያው ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ይመስላል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። የሚጮኸው ዕቃ ይቀየራል፣ የሚያፈሰው ባለበት ይቀመጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይመርምሩ። ምርመራው እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የታንኩን ክዳን ያንሱ። ሸክላ ነውና ቀስ ብለው፣ ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡት። ውስጡ ሲታይ ውስብስብ ይመስላል፤ ሥራው ግን ማስገባትና ማስወጣት ነው። በጎን በኩል ቆሞ ተንሳፋፊ ያለበት መሙያው ነው። መሃል ላይ ያለው መልቀቂያው ነው። ከሥሩ ጎሚኒ አለው፤ ውሃው ወደ መቀመጫው እንዳይወርድ ይዞ የሚያድረው ያ ጎሚኒ ነው። ከመልቀቂያው ጋር ተያይዞ የቆመ፣ አፉ ክፍት የሆነ ቱቦም ያያሉ። ይህ የትርፍ ውሃ ቱቦ ነው። መሙያው መዝጋት ቢያቅተው ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈስ በዚህ በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ከላይ በቁልፍ የሚጫኑት ዓይነት ከሆነ ደግሞ የትርፍ ቱቦው ከመልቀቂያው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ጥፋቶች በድምፅ ይለያያሉ። መሙያው ሲበላሽ ሽሽታው አያቋርጥም፤ ውሃው በትርፍ ቱቦው አፍ ሲገባም በዓይን ይታያል። ጎሚኒው ሲያፈስ ግን እርስዎ እንደጻፉት ነው። ዝምታ፣ አጭር ሽሽታ፣ እንደገና ዝምታ።

ትንሽ ነገር ናት ብለው እንዳይተዉት። በየግማሽ ሰዓቱ 2 ሊትር ቢተካ በቀን 96 ሊትር ይሆናል። በወር ወደ 2,880 ሊትር ማለት ነው። ታንክዎ በአንድ ጊዜ 6 ሊትር የሚለቅ ከሆነ፣ ማንም ሳይጠቀምበት በቀን 16 ጊዜ ይለቀቃል ማለት ነው።

«ታዲያ መሙያውን ስቀይር ለምን ዝም አለ?» ይሉኝ ይሆናል። መሙያ ለመቀየር ታንኩ ባዶ ይደረጋል። ውሃው ሲለቀቅ ጎሚኒው ይነሳል፣ ከሥሩ የተኛው ደለል ይታጠባል። ሲመለስ ትንሽ ሻል ብሎ ይቀመጥና ጥቂት ቀን ይይዛል። ከዚያ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር አለ። መሙያውን የገጠሙት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ከእሱ እንጀምር።

ከመሙያው አናት ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ ትርፍ ቱቦው ይሄዳል። ሥራው ታንኩ ሲሞላ ለመቀመጫውም ትንሽ ውሃ መላክ ነው። መቀመጫው ውስጥ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ያግዳል። የዚህ ቀጭን ቱቦ አፍ ከትርፍ ቱቦው አፍ በላይ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ግን እንዳይወጣብኝ ብሎ ወደ ታች ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል። አፉ በታንኩ ካለው ውሃ በታች ከወረደ፣ በአንዳንድ መሙያዎች ላይ ውሃውን እየሳበ ወደ መቀመጫው ያወርደዋል። ከበርሜል ነዳጅ በጎማ እንደሚሳበው ማለት ነው። ጎትተው ያውጡት። ከዕቃው ጋር በመጣው መቆንጠጫ የትርፍ ቱቦው ጠርዝ ላይ ያሲዙት። ከረዘመ በመቀስ ያሳጥሩት። ከዚያ አንድ ሌሊት ይጠብቁ። በዚህ ብቻ የሚያልቅበት ቤት አለ።

አላቆመም? እንግዲህ እርሳስ ያምጡ።

መጀመሪያ ከግድግዳው ወደ ታንኩ በሚመጣው መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ይፈትኑ። ይዝጉትና ውሃውን ይልቀቁ። ታንኩ ባዶውን ከቀረ መዝጊያው ይሠራል። በቀጭኑም ቢሆን የሚገባ ውሃ ካለ መዝጊያው አልዘጋም፤ ያኔ የቤቱን ዋና መዝጊያ ይጠቀሙ። ይህን ሳያረጋግጡ የሚደረግ ፈተና ያታልላል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መዝጊያው ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ በፒንሳ አይታገሉት። በእጅዎ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያሉ ያላሉት። እምቢ ካለ ይተዉት። ግድግዳው ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ከሰበሩ ጉዳዩ የጎሚኒ መሆኑ ይቀርና ግድግዳ ወደ ማፍረስ ይሄዳል።

አሁን ከፍተው ታንኩ እስኪሞላ ይጠብቁ። ውሃው በቆመበት ከፍታ በታንኩ የውስጥ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። መዝጊያውን ይዝጉ። ሽንት ቤቱን ለአንድ ሰዓት ማንም እንዳይጠቀምበት ለቤተሰቡ ይንገሩ። ከዚያ መጥተው ይዩ።

ውሃው ከምልክቱ ካልወረደ መልቀቂያው አያፈስም፤ እኔም መሙያው ጤነኛ ነው ያልኩትን መልሼ እወስዳለሁ። ከወረደ ግን ጥፋተኛው ተገኝቷል። የት ላይ እንደሚቆምም ልብ ይበሉ። እስከ ታች ድረስ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ከሥር ያለው ጎሚኒ ወይም ጎሚኒው የሚያርፍበት ጠርዝ ነው። መሃል ላይ ደርሶ ከቆመ ግን ጎሚኒው ይዟል። ያኔ ውሃው የቆመበትን ከፍታ በደንብ ያጢኑ። የትርፍ ውሃ ቱቦው እዚያ ጋ ተሰንጥቋል ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ከእርሳስ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ውሃው ወደ መቀመጫው እንጂ ወደ ውጭ እንደማይሄድ ማረጋገጥ ከፈለጉ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ይጨምሩ። ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ነገሩ አለቀ።

ወደ ጥገናው እንሂድ። መዝጊያውን ይዝጉ፣ ውሃውን ይልቀቁ፣ የቀረውን በስፖንጅ ያድርቁ።

መልቀቂያዎ በሰንሰለት የሚነሳ ክዳን ካለው መጀመሪያ ሰንሰለቱን ይዩ። በጣም ካጠረ ክዳኑን ዘወትር ትንሽ አንስቶ ይይዘዋል። ከረዘመ ደግሞ ከክዳኑ ሥር ይገባና እንዳይገጥም ያደርገዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ሰንሰለቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል ላላ ያለ ይሁን። ቀጥለው ጎማውን በጣትዎ ያሹት። እጅዎን በጥቁር ካቀለመ፣ ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ዕድሜው አልቋል። አያጥቡት፣ ይቀይሩት። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የታንኩ መውጫ ቀዳዳ 5 ሴንቲሜትር ያህል የሆነም 7.5 ሴንቲሜትር ያህል የሆነም አለ። የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም።

በቁልፍ የሚጫን ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ የቆመው ክፍል እንዳለ ይወጣል። በአብዛኛው ወደ ግራ ሩብ ዙር ሲዞር ይለቃል፤ በጎንና በጎን ያሉትን መያዣዎች ተጭነው የሚያነሱትም አለ። ካልለቀቀ በኃይል አይጠምዝዙት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል። አውጥተው ሲገለብጡት ክብ ቀለበት ጎሚኒ ያገኛሉ። ዘወትር በአንድ ቦታ ስለሚጫን ዙሪያውን መስመር አበጅቶ ይሆናል። ሁለቱ ፊቱ አንድ ዓይነት ከሆነ አዲሱን እስኪያገኙ ገልብጠው ሊያስገቡት ይችላሉ። ሲመልሱት በቁልፉና በመልቀቂያው መካከል ያለውን ዘንግ አይርሱ። ቁልፉ ሳይነካ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተት ከሌለ ቁልፉ መልቀቂያውን ትንሽ ተጭኖት ይቆያል፤ አዲስ ጎሚኒም ቢገባ ማፍሰሱ አይቀርም።

አሁን ብዙዎች ወደሚያልፉት ነገር እንምጣ። ጎሚኒው የሚያርፍበትን ጠርዝ ጣትዎን ዙሪያውን እያንሸራተቱ ይዳብሱት። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ሻካራ ከሆነ ከውሃው የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ነው። አዲስ ጎሚኒ ሻካራ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ከአሮጌው ብዙም አይሻልም። ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ነክረው ጠርዙ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ በሻካራ ስፖንጅ ያሹት። በካቻቢቴ ጫፍ አይፋቁት። ብርጭቆ ወረቀትም ካልቸገረዎ ባይጠቀሙ እመርጣለሁ፤ ግዴታ ከሆነ በጣም ልሙጡን፣ ያውም በስሱ። ፕላስቲክ ላይ የሚቀር ጭረት ውሃ ማለፊያ ይሆናል።

ጎሚኒውን ቫዝሊን አይቀቡት። ለማለስለስ ብለው የሚያደርጉት አሉ። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ቅባት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ቅርጹንም ያጠፋዋል። ቅባት የግድ ካስፈለገ የሲሊኮን ቅባት ይሁን። ታንኩ ውስጥ በረኪና ማፍሰስ፣ ክሎሪን ያለበት የማጽጃ እንክብል መጣልም እንደዚሁ ነው። መቀመጫው ያምራል፣ ጎማው ግን ቀን ከሌት ክሎሪን ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። ማጽጃውን መቀመጫው ውስጥ ያድርጉት፣ ለታንኩ ንጹህ ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ለመቆጠብ ብለው ጡብ የከተቱ ካሉም ያውጡት። ጡብ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ጎሚኒው ሥር ይገባል።

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ ውሃውን ይክፈቱና ከፍታውን ያስተካክሉ። ውሃው መቆም ያለበት ከትርፍ ቱቦው አፍ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። በመሙያው ላይ ያለውን የማስተካከያ ብሎን በማዞር ወይም ተንሳፋፊውን በዘንጉ ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ በማንሸራተት ይስተካከላል።

ሽሽታው ለማያቋርጥባቸው አንባቢዎችም አንድ ቃል ልበል። ሌሊት ብዙ ሰው ስለማይጠቀም የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። ቀን በደንብ የሚዘጋ ያረጀ መሙያ ሌሊት ሊያሳልፍ ይችላል። ከመቀየርዎ በፊት ግን ይጠቡት። በተለይ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለል ይዞ ይመጣና መሙያው ውስጥ ውሃውን የሚዘጋው ክፍል ሥር ይቀመጣል። በግድግዳው መስመር ላይ ያለችውን መዝጊያ ዘግተው የመሙያውን አናት ይክፈቱ። ከላዩ ኩባያ ገልብጠው ይያዙ፤ ይህ ውሃው ፊትዎ ላይ እንዳይረጭ ነው። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ይክፈቱለት። ደለሉ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። መሙያውን ሲቀይሩ ከታንኩ ሥር ያለውን ዳዶ እንዴት አጠበቁት? ፕላስቲክ ዳዶ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ይበቃዋል። እዚህ ውሃውን የሚይዘው የመሙያው የራሱ ጎሚኒ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ቴፍሎን መጠቅለልም አያስፈልግም፤ ጎሚኒው በትክክል እንዳያርፍ ሊያደርግ ይችላል። ታንኩን ከመቀመጫው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ደግሞ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። አንዱን ብቻ አጥብቀው ከጨረሱ ሸክላው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ታንክ ደግሞ በማጣበቂያ አይድንም።

ሥራው ሲያልቅ ከታንኩ ሥር ያሉትን መገጣጠሚያዎች ሁሉ አድርቀው ደረቅ ሶፍት ያዙሩባቸው። ጠዋት ሶፍቱ ከረጠበ የላላውን ቦታ ያውቁታል። የእርሳሱንም ፈተና አንድ ጊዜ ይድገሙት። ጎሚኒው አዲስ፣ ጠርዙ ልሙጥ ሆኖ ሳለ ውሃው አሁንም ከወረደ፣ የመልቀቂያውን ዓይነትና ውሃው የቆመበትን ከፍታ ጽፈው ይላኩልኝ።