ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጡት

ጥንታዊ ወንበር ወይም የሥዕል ፍሬም መጠገን የሚፈልጉ ወጣቶች ወርክሾፕ ሲገቡ እጃቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። ይገባኛል፣ እጅ ሥራ ይፈልጋል። ግን ብርሃንና አየር በብዙ ዓመት ያጠቆሩት የእንጨት መልክ ስስ ንጣፍ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው ይኼ ነው።

ከሁሉ በላይ የምትታገሉት ከዕድሜ ጋር እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ በፊት ከነበረው ጠጋኝ ጋር ነው። የላላውን እግር በሚስማር መትቶታል፣ መጋጠሚያውን ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ ደፍኖታል። የድሮ አናጺዎች ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተሠራ ኮላ ይጠቀሙ ነበር። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ሳይሰበር ይፈታል፣ ይጸዳል፣ እንደገና ይጣበቃል። ኮላውን ስታዘጋጁ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት እንጂ አታፍሉት፣ ጉልበቱ ይደክማል። ሽታው ደስ አይልም፤ ትለምዱታላችሁ። ኢፖክሲ ግን አንዳንዴ ከእንጨቱ ይጠነክራል። ወንበሩ ጫና ሲበዛበት የሚሰነጠቀው እንግዲህ እንጨቱ ነው። ደንበኛ «ዳግም እንዳይለቅ አድርጋችሁ ለጥፉልኝ» ሲላችሁ ይህን በትዕግሥት አስረዱት።

ወርቅ የለበሰ ፍሬም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወርቁ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ ገደማ ነው፣ ትንፋሽ ያበረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ቀይ ሸክላ አለ፣ ከሸክላው ሥር በኮላ የተለወሰ ጄሶ ወይም ጠመኔ፣ ከዚያ እንጨቱ። ያ ኮላ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። በእርጥብ ጨርቅ ካበሳችሁት ወርቁ ከነሸክላው ጨርቁ ላይ ይቀራል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ። የተላጠውን ቦታ ከሱቅ በተገዛ «የወርቅ ቀለም» መሸፈንም ይቅርባችሁ። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ የነሐስ ዱቄት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፣ ዙሪያው ያለው ወርቅ ግን እንዳለ ያበራል። ከዚያ የባሰ ማጋለጥ አላየሁም።

የነቀዝ ቀዳዳ ስታዩም መርዝ ለመርጨት አትቸኩሉ። ቀዳዳው ነፍሳቱ የወጣበት ነው፤ ምናልባት ከወጣ ዘመናት አልፈዋል። ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አንጥፉና ጠብቁ። ትኩስ ብናኝ ካፈሰሰ ያኔ ሥራ አለ።

በጣም አሮጌ መስታወት የያዘ ፍሬም ከመጣ ጀርባውን አትፋቁ፤ ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ጓንትና አየር ያለው ክፍል ይኑራችሁ።

ሳትጀምሩ ፎቶ አንሱ። የተጠቀማችሁትን ኮላና ቫርኒሽ በስሙ ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ስጡት። ዋጋ ስትተምኑ ደግሞ ዕቃውን አገላብጣችሁ ያያችሁበትን ሰዓት ቁጠሩት። ደንበኛው ሥራ የጀመራችሁ የሚመስለው ብሩሽ ስትይዙ ነውና፣ ቀድማችሁ ንገሩት።