ባቡሩ ሐረርን ለምን አለፋት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተወልጄ ያደግኩ ነርስ ነኝ። አያቴ "ባቡሩን ያስቆሙት ምኒልክ ናቸው" ትላለች። የድሬ ልጅ የሆነው ባለቤቴ ደግሞ "ተራራው ነው እንጂ ንጉሡ ምን አደረጉ" ይላል። ቡና በተፈላ ቁጥር ይሄ ክርክር አይቀርም። ማናቸው ናቸው ልክ?»

መልስ፦ ልጄ፣ በጅቡቲ–አዲስ አበባው ባቡር ነገር ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከተራራው ልጀምር። እኔ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያው የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሐረር ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ አውቶቡሱ ደንገጎ ዳገት ላይ ማቃሰት ይጀምራል። አባዬ ያኔ በመስኮቱ ቁልቁል እያሳየኝ «እስቲ እዚህ ላይ ሎኮሞቲቭ አስበው» ይለኝ ነበር። እጁ ሁልጊዜ የግራሶ ሽታ ነበረው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ። በመሃላቸው ያለው መንገድ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪና እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ባቡር ግን እንዲህ ያለውን ዳገት አይወድም። ዙሪያውን ረጅም ሀዲድ መዘርጋት፣ ድንጋይ መፈልፈል፣ ድልድይ ላይ ድልድይ መሥራት ይጠይቃል። ያ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ሐረር መጀመሪያ ከዕቅዱ ውጭ አልነበረችም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሲሰጡ መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነው። ይቺን «ነጭ ዓባይ» የምትለዋን ልብ በይልኝ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ለዓባይ ሲፎካከሩ በ1891 ነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ፋሾዳ ላይ ጦር ሊማዘዙ ደርሰው ነበር። እና የእኛ ባቡር ገና አንድ ሀዲድ ሳይነጠፍለት የዚያ ፉክክር አካል ሆኖ ነው የተወለደው።

ሥራው በ1890 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ገና ከመነሻው ሸለቆ ነው። ሆልሆል ላይ ያለው የብረት ድልድይ ብቻ ስንት ድካም እንደፈጀ ያየው ያውቀዋል። ሀዲዱ የሚያልፍበት መሬት የኢሳና የአፋር ነው። ማንም አላማከራቸውም፤ ስለዚህ ተዋጉ። የባቡሩን ሥራ የያዘው ኩባንያ ካዝና በዚህ ሁሉ ተራቆተ። መሐንዲሶቹም ሐረር መውጣቱን ትተው በሜዳው ለመቀጠል ወሰኑ። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ቦታውን በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት። ይህችው ናት ድሬዳዋ። እስከዚህ ድረስ ባለቤትሽ ልክ ነው።

አሁን ወደ አያትሽ እንምጣ።

ያኔ በባሕሩ ዳርቻ ላይ ሦስት የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ። ፈረንሳይ ጅቡቲን ይዛለች። እንግሊዝ የዘይላን ወደብ ይዛለች፤ የሐረር ቡናና ቆዳ ከጥንት ጀምሮ በግመል የሚወርደው ወደዚያ ነው። ጣሊያን አድዋ ላይ ብትመታም ከአካባቢው አልወጣችም። የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። ፓሪስ ደነገጠች። በ1894 የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ፣ በምትኩ ኩባንያውን ሊቆጣጠር።

ምኒልክ አልተጠየቁም። ፈቃዱን የሰጡት ለነጋዴ ኩባንያ ነበር። አሁን ግን ሀዲዱ አገራቸው ድረስ የሚዘልቅ የባዕድ መንግሥት ክንድ ሆነ። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ በምርቃቱ ላይ አልተገኙም። ወደ ፊት እንዲቀጥልም ፈቃድ ነሱት። አያትሽ «ምኒልክ አስቆሙት» የምትለው ይሄን ነው። ያስቆሙት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መስመር ነው፤ ሐረርን አይደለም። ዋናውን ነገር ግን አልሳተችም።

እኔ ይሄንን እምቢታ ከአንድ ጦርነት አላሳንሰውም። ባቡሩን ይፈልጉት ነበር፤ በጣም ይፈልጉት ነበር። የሚፈልጉትን ነገር ደጃቸው ላይ አቁመው መታገሥ ቀላል አይደለም። ኩባንያው መሄጃ አጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ።

በ1899 ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ተፈራረሙ። እስከ አዲስ አበባ ያለው ሀዲድ ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘው ለጣሊያን። የሚከፋፈሉት የሰው አገር ነው። ምኒልክ ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ ስምምነቱ ሥልጣናቸውን በምንም መንገድ እንደማይገድበው አስታወቋቸው። በ1900 አዲስ ፈቃድ ሰጡ። የተሰጠውም በጓዴሎፕ ተወላጁ ሐኪማቸው በዶክተር ቪታሊየን ስም ነው። ሥራው ያኔ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ 14 ዓመት አለፈው ማለት ነው። ምኒልክ አላዩትም፤ በ1906 አርፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፉክክሩ በዚያ አላበቃም። በ1927 ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ለመደለል ከባቡሩ አክሲዮን ቆርሳ ሰጠችው። በዓመቱ ወረራው መጣ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲመጣ ደግሞ ድልድዮቹ ፈረሱ። ወርክሾፑ ጸጥ ያለበትን ሳምንት አስታውሳለሁ። አባዬ ጠዋት ጠዋት ቱታውን ለብሶ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። የሚሄድበት ሥራ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚረሳት ዘይላን ነው። ሀዲዱ ጅቡቲን ሲያሳድጋት ዘይላ ባዶዋን ቀረች። የሐረር ነጋዴም ግመሉን ትቶ ሱቁን ወደ ድሬ አወረደ። እና ልጄ፣ አያትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከቤተሰቧ ግመል ጭኖ ዘይላ የወረደ ሰው ነበር? ስንት ቀን ይፈጅ ነበር አሉ? ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።