አንዴ ነክቼ ሦስት ኪሎ ቡና

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ነኝ። ለአጎቴ የቡና መሸጫ ድረ ገጽ እየሠራሁለት ነው። «ጨምር» የምትለዋ በተን ስትነካ 1 ኪሎ ነው መጨመር ያለባት። ገጹ እንደተከፈተ ልክ ነች። የቡናውን ዓይነት ስቀይር ግን 2 ትጨምራለች፣ ደግሜ ስቀይር 3። አጎቴ «ሚዛንህ ይሰርቃል» እያለ ይስቅብኛል። በየመስመሩ ኮንሶል ሎግ (ኮዱ የት እንደደረሰ የሚነግር መልእክት) በትኜ ሰለቸኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ እነዚያን ኮንሶል ሎጎች ጥረግልን ወንድሜ። ችግሩን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። ሁልጊዜ 2 ብቻ ቢሆን ክሊኩ ከበተኗ አልፎ ወደ ያዛት ሳጥን ወጥቶ፣ እዚያም የሚሰማው ሌላ ሊስነር (ክሊክ ሲመጣ የሚሠራ ኮድ) አግኝቶ ነው እልህ ነበር። የአንተ ግን በቀየርክ ቁጥር ያድጋል፤ በዚያችው በተን ላይ ሊስነር እየተደረበ ነው።

አትገምት፣ ብሮውዘሩን ጠይቀው። ክሮም ላይ በተኗን በቀኝ ክሊክ ነክተህ ኢንስፔክት በል። በሚከፈተው የመመርመሪያ መስኮት ኤለመንትስ ውስጥ፣ ስታይልስ ካለበት ተርታ «ኢቨንት ሊስነርስ» የሚል ታብ አለ፤ ጠቦ ከተደበቀ ቀስቷን ንካት። «አንሴስተርስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሳ፣ አለዚያ የውጪዎቹን ሳጥኖች ሊስነር ሁሉ ይደረድርብሃል። «ክሊክ»ን ዘርጋ። አሁን የቡናውን ዓይነት ቀይርና እዚያው ያለችውን የማደሻ ምልክት ንካ። መስመሩ ከጨመረ፣ ሁሉም የአንድ ፋይል አንድ ቦታ የሚጠቁሙ ከሆነ፣ ሌባው ተያዘ። ፋየርፎክስ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ኢንስፔክተር ውስጥ ከታጉ (በተኗ በኮዱ ከተጻፈችበት መስመር) አጠገብ «ኢቨንት» የምትል ትንሽ ምልክት ታገኛለች፤ እሷን ብትነካ ዝርዝሩ ይመጣል።

እንግዲህ ያ ቦታ የቡናውን ዓይነት የሚቀይረው ፈንክሽንህ (ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ይመስለኛል። አንድን ፈንክሽን ለበተኗ ሊስነር አድርገህ ሁለቴ ብትመዘግበው ብሮውዘሩ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ አንተ ግን እዚያው ውስጥ ስም የሌለው ፈንክሽን እየጻፍክ ስለምትሰጠው በየጊዜው አዲስ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ምዝገባውን ከዚያ አውጥተህ ገጹ ሲከፈት አንዴ ብቻ አድርገው። ስቶፕ ፕሮፓጌሽን ጨምር የሚልህ ጓደኛ ካለ አትስማው። እሱ ክሊኩ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው የሚከለክለው፣ እዚያችው በተን ላይ የተደራረቡትን አይነካም።

ስትጨርስ ታቡን ድጋሚ ክፈተው፤ ዓይነቱን አሥር ጊዜ ብትቀያይርም አንድ መስመር ብቻ ነው መታየት ያለበት። ገጹ ሥራ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ እስካሁን 3 ኪሎ ያዘዙትን ደውለህ ጠይቃቸው፣ 1 ፈልገው ይሆናል።