አሸዋው ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

ልጆቼ፣

በባህር ዳርቻ ሙያ ልትሰማሩ ያሰባችሁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። "ዳርቻው እየተበላ ነው፤ ምን እንገንባ?" ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምን እንገንባ ከማለታችሁ በፊት፣ አሸዋው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ይህ ሳይታወቅ የሚጣል ድንጋይ ገንዘብ ይበላል። ብሎም የጎረቤትን ዳርቻ ያጠፋል።

ከሞገዱ እንነሳ። ዳርቻ ላይ የምታዩት ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ባህር ላይ ነፋስ ያስነሳው ነው። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና በሰፊ ባህር ላይ በነፈሰ ቁጥር ሞገዱ ይገዝፋል። ወደ እናንተ የሚጓዘው ግን ጉልበቱ እንጂ ውሃው አይደለም። ውሃው እዚያው ክብ እየሠራ ይዞራል። ይህ ዙረት ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይደክማል። የሁለት ሞገዶች ርቀት 100 ሜትር ከሆነ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ የለም ማለት ይቻላል። ሞገዱ ከዚያ ወደሚያንስ ጥልቀት ሲገባ ነው የባህሩ ወለል የሚሰማው። ያኔ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ የሚሰበረው 1.3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ስለዚህ ጫማችሁን ሳታወልቁ ጥልቀቱን መገመት ትችላላችሁ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ አረፋ መስመር ሠርቶ ካያችሁ፣ ከሥሩ የተከማቸ አሸዋ አለ።

ይህን የተደበቀ አሸዋ ልብ በሉልኝ። ወጀብ ሲመጣ ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ዳርቻውን ይገፍፉታል። በማግስቱ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። ትናንት ሜዳ የነበረው ቦታ ገደል ሆኗል። ሰው ይጮኻል፣ ባለሥልጣን ይሯሯጣል፣ የድንጋይ መኪና ይጠራል። አብዛኛው አሸዋ ግን ብዙም ሳይርቅ ከውሃው ሥር ተጋድሞ ነው ያለው። እዚያ ሆኖም ሥራ አልፈታም። ቀጣዮቹን ትልልቅ ሞገዶች ዳርቻው ሳይደርሱ ይሰብራቸዋል። ባህሩ ሲረጋ ደግሞ ዝቅ ያሉ ረጃጅም ሞገዶች ያንኑ አሸዋ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየገፉ ይመልሱታል። ሁሉም ይመለሳል አልላችሁም። ኃይለኛ ወጀብ ወደ ጥልቁ የወሰደው ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። ቢሆንም የአንድ ቀን ፎቶ አይቶ "ይህ ዳርቻ አለቀለት" የሚል ባለሙያ አትሁኑ።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ እፍኝ አሸዋ ዝገኑ። አሸዋ የምንለው ከ0.06 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፍሬ ነው። ፍሬው ሻካራና ትልቅ ከሆነ ወደ ላይ የወጣው ውሃ በመሃሉ ይሰርጋል። የሚመለሰው ውሃ ስለሚያንስ ይዞት የሚወርደው አሸዋም ያንሳል። ስለዚህ የዳርቻው ቁልቁለት ቀጥ ይላል። ደቃቅ ከሆነ ግን ዳርቻው የተንጣለለ ነው። ቀለሙም ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ነጭ ከሆነ የኮራልና የዛጎል ስብርባሪ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስለሚሄደው አሸዋ ነው። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ግን ወደ ጎን የሚሄደው ሲረሳ ነው። ሞገድ ዳርቻውን ቀጥ ብሎ የሚመታው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰያፍ ይመጣል። አሸዋውን በሰያፍ ያወጣዋል፤ ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ያወርደዋል። ፍሬዋ እንዲህ እየተጠማዘዘች ቀኑን ሙሉ ትጓዛለች። በዚህ መንገድ ላይ ወደ ባህሩ የሚገባ የድንጋይ አጥር ስትሠሩ በአንድ በኩል አሸዋ ይጠራቀማል፣ በሌላው በኩል ያለው ይራባል። የተራበው ደግሞ የራሱን አጥር ይሠራል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ ከባድ ወጀብ ረጅሙን የአሸዋ ደሴት ሰንጥቆ የባህር መተላለፊያ ከፈተ። ሰዎች መተላለፊያው ለጀልባ እንዲያገለግል ብለው ግራና ቀኙን በድንጋይ አጠሩት። ወደ ደቡብ ይጓዝ የነበረው አሸዋ በሰሜን በኩል፣ በኦሽን ሲቲ ከተማ ዳርቻ ቆመ። ከመተላለፊያው በስተደቡብ ያለው የአሳቲግ ደሴት ጫፍ ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ወደ ዋናው መሬት ሸሸ። ድንጋዩን የጣሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። የአሸዋውን መንገድ አላሰቡበትም እንጂ።

አንዳንዴ ደግሞ መንገዱ የሚቆረጠው ከዳርቻው በጣም ርቆ ነው። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን። ከግንዱ ጋር አፈሩንም ነበር ይዞ የሚዞረው። የናይል ዴልታን የሠራው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ቀረ። ሞገዱ ግን ሥራውን አላቆመም። ቀድሞውንም መሸርሸር የጀመረው፣ አንዱ የናይል ቅርንጫፍ ባህር የሚገባበት የሮዜታ አፍ አካባቢ ይብሱን እየተበላ፣ መሬቱ ኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ ሄደ። ስለ ግድብ ጥቅም መከራከር ሌላ ጉዳይ ነው። እናንተ ግን ዳርቻ ስታጠኑ ወንዙን እስከ ተራራው ድረስ ተከተሉት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ነፋስ ከዳርቻው ጀርባ ወደሚከምራቸው የአሸዋ ክምሮች። ነፋስ ያለበት ቀን ደረቅ አሸዋ ላይ ተንበርክካችሁ ተመልከቱ። ፍሬዎቹ በአየር ላይ አይንሳፈፉም፤ ይዘላሉ። አንዷ ዘላ ስትወድቅ ሌሎቹን ትመታና ታስነሳለች። አብዛኛው ዝላይ ከጉልበት በታች ነው። ይህን በደንብ ያጠናው እንግሊዛዊው የጦር መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ ነው። አሸዋው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ የሚጓዘው መጠን ከነፋሱ ጉልበት ጋር በጣም ፈጥኖ እንደሚያድግ አሳየ። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን አሸዋው ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ክምሩን በአብዛኛው የሚሠሩት ጥቂት ነፋሻማ ቀናት ናቸው። እርጥብ አሸዋ ግን በቀላሉ አይነሳም። ሰፊ ደረቅ ዳርቻ ከሌለ ክምርም የለም።

ክምሩ የሚጀመረው ከትንሽ ነገር ነው። ባህሩ የተፋው የባህር አረም ወይም አንድ እግር ሳር ነፋሱን ያደክመዋል፤ አሸዋው እዚያው ይወድቃል። ማራም የሚባለው የአውሮፓ ዳርቻዎች ሳር አሸዋ ሲቀብረው ይብስ ይበረታል። በዓመት እስከ አንድ ሜትር ቢቀበር እንኳ ወደ ላይ ይወጣል። ሥሩም አሸዋውን አስሮ ይይዘዋል። ይህን ሁሉ የሚችል ሳር የሰው እግር ግን አይችልም። ሰው የሚመላለስበት ቀጭን መንገድ ሳሩን ይገድለዋል፣ ነፋሱ በዚያ ይገባል፣ ክምሩ ይቦረቦራል። በወጀብ ቀን ክምሩ ለዳርቻው መጠባበቂያ አሸዋ ነው። ከፊቱ ያለውን ክምር ባህሩን ለማየት ብሎ የሚያስተካክል ባለ ሆቴል ካጋጠማችሁ ፊት ለፊት ተቃወሙት።

ድንጋይ ሁሉ ይቅር እያልኩ አይደለም። ወደብ ያለ ድንጋይ አይሆንም። የደች መሐንዲሶች ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ከሄግ ከተማ ደቡብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አንድ ቦታ ላይ አፍስሰው፣ ማከፋፈሉን ለሞገድና ለነፋስ ተዉት። ገንዘብም አሸዋም ይጠይቃል፤ ሁሉም አገር አይችለውም። አስተሳሰቡን ግን አጥኑት።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አትጠብቁ። ሲድኒ አጠገብ ያለው የናራቢን ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየወሩ ይለካል። በዚህ ትዕግስት ነው ዳርቻው ኤልኒኖና ላኒና ከሚባሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ የመሞቅና የመቀዝቀዝ ወቅቶች ጋር እንደሚዞር የታወቀው። አንዱ ጫፍ ሲሳሳ ሌላው ይሰፋል። ለረጅም ዓመታት የተለካውም በሁለት ዘንግ ነበር። እኩል ቁመት ያላቸው፣ በሴንቲ ሜትር የተሰመሩ ሁለት ዘንጎች አዘጋጁ። አንዱን ከክምሩ ሥር፣ ሌላውን ጥቂት እርምጃ ወደ ባህሩ አቁሙ። ከላይኛው ዘንግ ጀርባ ሆናችሁ፣ የታችኛው ዘንግ ጫፍ ከአድማሱ ጋር እስኪገጥም ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ። ዓይናችሁ ከላይኛው ዘንግ ጫፍ የወረደበት ልክ የመሬቱ ቁልቁለት ነው። ጻፉትና ወደፊት ቀጥሉ። ባህሩ በሚያፈገፍግበት ሰዓት ሂዱ፣ ሁልጊዜ ከዚያው ምልክት ጀምሩ። ወጀብ ካለ ደግሞ ወሩን ሳትጠብቁ በነጋታው ድገሙት።