ጣሪያው ለምን ይሸበሸባል? የጥምዝ ገጾች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በራይኖ (በ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) የአዳራሽ ጣሪያ እየሠራሁ ነው። በእጅ የሣልኩትን ንድፍ ስካን አድርጌ አምስት ጥምዝ መስመሮችን በላዩ ላይ ተከትዬ አወጣሁና በሎፍት (በመስመሮች ላይ ገጽ በሚዘረጋው ትእዛዝ) አያያዝኳቸው። ቅርጹ ከሩቅ ደህና ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን እንዳልተተኮሰ ጨርቅ ይሸበሸባል። ገጹን ሪቢልድ ሳደርገው (በጥቂት ነጥቦች እንደገና ሳሠራው) ሽብሽቡ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ግን ካሰብኩት ቦታ ይሸሻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ያለው መስመሮቹ ላይ ስለሆነ ሎፍቱን መነካካት አይፈታውም። ስካን ላይ እየተከተሉ ሲሥሉ በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ ይጥላሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ የእጅዎን ትንሽ ስህተት ይዞ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ግን አምስቱ መስመሮች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። በዲግሪ 3 (በተለመደው የመስመር ቀመር ደረጃ) የተሠሩ ሦስት መስመሮች 14፣ 23 እና 31 መቆጣጠሪያ ነጥብ (መስመሩን ወደ ራሱ እየሳበ ቅርጽ የሚሰጠው ነጥብ) አላቸው እንበል። የውስጥ መጋጠሚያቸው (የመስመሩ ቁርጥራጮች የሚያያዙበት ቦታ) ከነጥቡ ብዛት 4 ተቀንሶ ይገኛል፤ ማለትም 10፣ 19 እና 27። መጋጠሚያዎቹ በተለያየ ቦታ ላይ ከወደቁ ሶፍትዌሩ ሦስቱን ለማስማማት የሁሉንም ደምሮ በገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ 56 መጋጠሚያ፣ 60 ነጥብ ይሆናል። 6 ነጥብ ሊሸከመው የሚችለውን ቅርጽ 60 ነጥብ ሲሸከመው መሸብሸቡ አይቀርም።

ስለዚህ ገጹን ይሰርዙትና ከመስመሩ ይጀምሩ። አንዱን መስመር ብቻ በመቆጣጠሪያ ነጥብ፣ በዲግሪ 3 ይሣሉ። በነጥቦቹ ላይ በሚያልፈው የመስመር ዓይነት አይጠቀሙ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚጎብጥ ቅስት ከ4 እስከ 6 ነጥብ ይበቃል፤ አንዴ ወጥቶ አንዴ ለሚወርድ ደግሞ ከ6 እስከ 8። ከዚያ ይህንኑ መስመር አራት ጊዜ ኮፒ አድርገው ወደየቦታው ይውሰዱትና ነጥቦቹን እየጎተቱ ከንድፉ ጋር ያስማሙ። ነጥብ አይጨምሩ፣ አይቀንሱም። እንዲህ ሲሆን አምስቱም አንድ አጥንት ይኖራቸዋል፤ ሎፍቱም የሚጨምረው ነገር አይኖርም። የሁሉም መነሻ በአንድ በኩል መሆኑንም ይመልከቱ፤ አንዱ በተቃራኒ ከተሣለ ገጹ ተጠማዝዞ ራሱን ያቋርጣል።

ሎፍት ከማድረግዎ በፊት የጥምዘት ግራፉን (መስመሩ በየቦታው ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚያሳየውን) ያብሩ። ከመስመሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚወጡት ጭረቶች ቀስ እያሉ ማደግና ቀስ እያሉ ማጠር አለባቸው። በድንገት ወደ ሌላው ጎን የሚዘል ጥርስ ካዩ እዚያ ያላሰቡት ጉድጓድ አለ፤ ያንን ነጥብ ብቻ ያንቀሳቅሱ።

አዲሱ መስመር ከንድፍዎ 20 ሚሊ ሜትር ቢርቅ አይጨነቁ። በ1፡200 ንድፍ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር በእውነተኛው ሕንፃ 60 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ ራሱ ያልያዘውን ትክክለኛነት ከሞዴሉ መጠበቅ ነው ብዙ ሰው ነጥብ ላይ ነጥብ እንዲደራርብ የሚያደርገው።

በመጨረሻ በዜብራ (በገጹ ላይ ጥቁርና ነጭ ግርፎችን በሚያሳየው መፈተሻ) ይፈትሹት። ሁለት ገጾች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ግርፎቹ ካልተገጣጠሙ ገጾቹ ተነካኩ እንጂ አቅጣጫቸው አልተስማማም። ተገጣጥመው ማዕዘን ከሠሩ አቅጣጫው ተስማምቷል፣ ጥምዘቱ ግን አልተስማማም። ያለምንም ስብራት ከፈሰሱ ሁለቱም ተስማምተዋል። ለሻካራ ኮንክሪት ሁለተኛው ደረጃ ይበቃል፤ ለሚያብረቀርቅ ብረትና ለመስታወት ግን ሦስተኛው ግድ ነው፣ ምክንያቱም ነጸብራቁ ራሱ ዜብራ ሆኖ ስህተቱን ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ገጾች ለዓይን የተገናኙ ይመስላሉ፤ ጆይን (ገጾችን የሚያያይዘው ትእዛዝ) ግን እምቢ ይላል። በግድ የሚያጋጥመውን ትእዛዝ ብጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በግድ ማጋጠም ክፍተቱን አይዘጋም፤ ሶፍትዌሩ የተዘጋ እንዲመስለው ብቻ ያደርጋል። በኋላ ውፍረት ሲሰጡት ወይም ከሌላ ጠጣር አካል ጋር ሲቆርጡት እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። መጀመሪያ ያልተጋጠሙ ጠርዞችን አሳይቶ ክፍተቱን ይለኩ። የሚበዛው ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱ ገጾች ከተለያዩ መስመሮች መሠራታቸው ነው፤ የጋራውን ጠርዝ አንድ መስመር አድርገው ሁለቱንም ከእሱ ይሥሯቸው። ቶለራንሱንም (ሶፍትዌሩ እንደተዘጋ የሚቆጥረውን ትልቁን ክፍተት) ሥራ ሳይጀመር ይወስኑ፤ መሃል ላይ ቢቀይሩት ቀድሞ የተሠራው አይታረምም። ሞዴሉ በቅየሳ ኮኦርዲኔት ላይ ተቀምጦ ከዜሮ መቶ ሺዎች ሜትር የራቀ ከሆነም ወደ ዜሮ አጠገብ ያምጡት። ኮምፒውተሩ የሚይዘው የአሃዝ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ትልቁ ቁጥር የትንሹን ክፍልፋይ ቦታ ይወስድበታል።

ጥያቄ፦ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ የመስታወት ፊት አለኝ። ጠፍጣፋ መስታወት ብቻ እንድጠቀም ተነግሮኛል። በአራት ማዕዘን ስከፋፍለው አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ሦስት ማዕዘን ከማድረግ ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ፤ ግን ገጹ ከመጀመሪያው ለዚያ ታስቦ መሠራት አለበት። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው የሚያርፈው ቅርጹ ከፈቀደለት ብቻ ነው። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ታላቁ አደባባይ በ2000 የተከፈተው ጣሪያ 3,312 ሦስት ማዕዘን መስታወት የፈጀው ገጹ በሁለት አቅጣጫ በነጻነት ስለሚጎብጥ ነው። ሦስት ማዕዘን የሚያስከፍለው ደግሞ ብረቱ ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ መገናኛ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ዘንግ ይገናኛል፣ በአራት ማዕዘን ግን አራት።

ለእርስዎ የሚሻለው የተንሸራታች ገጽ ነው። አንድ መስመር ይሣሉና ወደ ቀጥተኛ ክፍሎች ይከፋፍሉት። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉት። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ ፈጽሞ ሳያዞሩት፣ በሁለተኛው ነጥቦች ላይ አንድ በአንድ ኮፒ ያድርጉ። ሳይዞር የሄደ ክፍል ከቀድሞው ጋር ትይዩና እኩል ስለሚሆን በመሃል የሚፈጠረው ቅርጽ ፓራሌሎግራም ነው፤ ፓራሌሎግራም ደግሞ ምንጊዜም ጠፍጣፋ ነው። ስዊፕ (መስመርን በመንገድ ላይ እየነዳ ገጽ የሚሠራው ትእዛዝ) ይህን አያደርግልዎትም፤ በተለመደው አሠራሩ መስመሩን ከመንገዱ ጋር እያዞረ ስለሚወስድ ጠፍጣፋነቱ ይጠፋል።

የመስታወቱን ስፋት ሲመርጡ የጉብታውን ከፍታ ያስሉ፦ ስፋቱን በራሱ አባዝተው ለሬዲየሱ 8 እጥፍ ያካፍሉ። 1.5 ሜትር መስታወት 20 ሜትር ሬዲየስ ባለው ገጽ ላይ 2.25 ለ160፣ ማለትም 14 ሚሊ ሜትር ያህል ከእውነተኛው ጥምዝ ይለያል። ወደ 1 ሜትር ቢያወርዱት ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ልዩነቱ የሚቀንሰው በስፋቱ ካሬ ነውና ትንሽ ማጥበብ ብዙ ያተርፋል።

ቅርጹን ለመቀየር ገና ጊዜ ካለዎት የሉል ክፍልንም ያስቡበት። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ቅርፊቶች የሚሠሩበት መንገድ የተገኘው በ1961 ሁሉም 75 ሜትር ያህል ሬዲየስ ካለው አንድ ሉል እንዲቆረጡ ሲወሰን ነው፤ ሉል በየትኛውም ቦታ ጥምዘቱ አንድ ስለሆነ የኮንክሪት አጥንቶቹን በተመሳሳይ ሞልድ ደጋግሞ ማውጣት ተቻለ።

ጥያቄ፦ የራይኖውን ገጽ ወደ ሬቪት (ወደ ሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) አስገብቼ ግድግዳ ላለብሰው ስል መስመሩ በጣም አጭር ነው እያለ ይመልሰኛል።

መልስ፦ ሬቪት ከ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሰ መስመር አይቀበልም። እንዲህ ያለ ቁራጭ የሚፈጠረው ደጋግመው ትሪም ባደረጉበት (በቆረጡበት) ጥግ ነው። ራይኖ ውስጥ እያንዳንዱን ጠርዝ በርዝመት ለይተው ትንንሾቹን ይፈልጉ፤ የተቆረጠውን ገጽ ከመጠገን ይልቅ ከንጹህ መስመሮች እንደገና መሥራት ይፈጥናል። ከዚያ በማስ ፋሚሊ (የሕንፃውን ጥቅል ቅርጽ በሚይዘው የሬቪት ክፍል) ውስጥ አስገብተው በገጽ ላይ ግድግዳ በሚያነጥፈው መሣሪያ ያልብሱት። ገጹ በኋላ ቢቀየር ግድግዳው በራሱ አይከተልም፤ መርጠው ወደ ገጹ እንዲታደስ ያዙት።