«ነጠላ» ለምን ነጠላ ተባለ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ልጄም እዚሁ ነው የተወለደው። ባለፈው እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተነሥታ «ነጠላዬን አቀብለኝ» ብትለው፣ ሮጦ ነጠላ ጫማዋን አመጣላት። ስቀን አለፍነው፤ ግን እኔም ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ልብሱንና ጫማውን በአንድ ስም ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተም፤ የሰማውን ቃል ነው ያመጣው። «ነጠላ» የልብስ ስም ከመሆኑ በፊት ቅጽል ነው። ከ«ነጠለ» የወጣ ሲሆን ያልተደረበ፣ ብቻውን ያለ ማለት ነው። በሰዋስው «ነጠላ ቁጥር»፣ በሥርዐተ ነጥብ «ነጠላ ሰረዝ»፣ ዘፋኝ አልበሙ እስኪደርስ የሚለቃት «ነጠላ ዜማ» ሁሉም ያው ናቸው። «ነጠላ ሸማ» ከማለት ሸማውን ጣልነውና ቅጽሉ ብቻውን ስም ሆነ። ጫማው ግን ስሙን ሙሉውን ይዞ ቀረ። (ሸማን «ሻማ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ፤ ሻማ ከዐረብኛ የመጣ፣ የሚበራው ነው።)

ነጠላነቱ የሚታየው ጋቢ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ነጠላውን ግን መስኮት ላይ ዘርግተው እጅዎን ከኋላው ቢያደርጉ ጣትዎን መቁጠር ይችላሉ። ዛሬ ሁለት ተደርጎ የተሰፋም «ነጠላ» ይባላል፤ ስሙ አንዴ ስለጸና ጆሮዬን አይቆረቁረውም።

እኔን የሚቆጨኝ ግሡ ነው። አሁን አሁን ሁሉም «ነጠላ ለበሰች» ሆኗል። ነጠላ እኮ ይደረባል። ራስ ላይ ሲሆን ይከናነቡታል። ጫፉን በደረት አሳልፎ ትከሻ ላይ መመለስ ማጣፋት ነው፤ እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ልብ ብለው ይዩዋቸው። ለለቅሶ ደግሞ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ «ነጠላዋን ዘቅዝቃለች» ይባላል። ወገብ ላይ ሸብ አድርጎ በታላቅ ሰው ፊት መቆም ማደግደግ ነበር። ይኸኛው ልብሱን ጥሎት ሄዷል፤ ሱፍና ከረባት ያደረገውን ሰውዬ «አለቃው ፊት ያደገድጋል» ስንለው ትከሻው ላይ አንዲት ክር የለችም።